ኪስ የማይጎዳ የሰርኪት ሲሙሌተር እንዴት እንመርጣለን? ለኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች ዝርዝር መመሪያ

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የፈለጉት ካፓሲተር አይገኝም፣ የተገኘው ደግሞ ቮልቴጁ አይበቃም። አንድ ትራንዚስተር ከተቃጠለ ሌላ ለመግዛት እንደገና ታክሲ መያዝ ነው። ስለዚህ ሰርኪቱን ከመበየድ በፊት ኮምፒውተር ላይ መሞከር ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ገንዘብ ይቆጥባል፣ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት ይሰጣል። እንዲህ የሚያስሞክረው ፕሮግራም ሲሙሌተር ይባላል፤ እሱ ላይ መቶ ዳዮድ ብታቃጥሉ ማንም አያስከፍላችሁም።

ጥሩ ዜናው፣ ዛሬ በነጻ የሚገኙት ሲሙሌተሮች ለአንድ የኤሌክትሮኒክስ ወዳጅ ከበቂ በላይ ናቸው። የሚያስቸግረው ብዛታቸው ነው። አንዱ ለአርዱይኖ (በኮድ ለሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ሲሆን አንዱ ለአምፕሊፋየር ነው። አንዱ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፣ ሌላው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ካልተጫነ አይሠራም። ሳይለዩ ያገኙትን ማውረድ ዳታም ልብም ይጨርሳል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ እኔ ሰው ሲጠይቀኝ የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ጻፉ

«ምርጡ ሲሙሌተር የቱ ነው?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ማወቅ የፈለጋችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦

«ትራንዚስተር እንዴት እንደ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚሠራ ማየት እፈልጋለሁ።» ይሄ የመረዳት ጥያቄ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ከረንቱ ሲሄድ በዓይን የሚያሳይ ነገር ነው።

«ለሬዲዮ የምሠራው ፓወር ሰፕላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይበቃዋል ወይስ 2200 ልግዛ?» ይሄ የቁጥር ጥያቄ ነው። ትክክለኛ ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም ይፈልጋል።

«የጻፍኩት የአርዱይኖ ኮድ የውሃ ፓምፑን በሰዓቱ ያስነሳል?» ይሄ በዋናነት የኮድ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ቦርዱንና ኮዱን አብሮ የሚያስኬድ ሲሙሌተር ያስፈልጋል።

የሎጂክ ጌት ብቻ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ሎጂሲም ኢቮሉሽን ወይም በብራውዘር የሚከፈተው ሰርኪትቨርስ ይበቃችኋል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሌላ አትፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። የኮድ ጥያቄ ይዞ የአናሎግ (ቮልቴጅና ከረንት የሚያሰላ) ሲሙሌተር ያወርዳል። ወይም ለአምፕሊፋየር ድምፅ ጥራት የአርዱይኖ ሲሙሌተር ይከፍታል። ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም፣ የተሠራለት ሥራ ሌላ ነው።

ደረጃ 2፦ ያላችሁን ዕቃና ኢንተርኔት ቁጠሩ

ሦስት ነገር እዩ። ያላችሁ ላፕቶፕ ነው ስልክ? ኢንተርኔታችሁ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ዋይፋይ ነው ወይስ በፓኬጅ የሚገዛ ዳታ? መብራት ሲጠፋስ ሥራችሁ የት ይቀመጣል?

በብራውዘር የሚሠሩ ሲሙሌተሮች ምንም ኢንስቶል አያስፈልጋቸውም። የትምህርት ቤት ወይም የሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ግሩም ናቸው። ግን አንዳንዶቹ መስመር ሲቋረጥ ይቆማሉ። ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ቢያንስ አንድ ኦፍላይን የሚሠራ ፕሮግራም ይኑራችሁ። አንድ ጊዜ ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱትና ኢንስቶለሩን ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ለጓደኛም ይተርፋል።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከታች የምጠቅሰው ኤልቲስፓይስ ጌም የሚያስኬድ ማሽን አይፈልግም። ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሠራል። የቦርድ ንድፍ የሚሠራበት ኪካድ ግን ከባድ ነው። ከነዕቃ ዝርዝሩ ሲወርድ በዊንዶውስ አንድ ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

ስልክ ብቻ ላላችሁ፣ ኤቭሪሰርኪት የሚባል የአንድሮይድ አፕ አለ። ከረንቱን በእንቅስቃሴ ያሳያል፣ ለጣትም የተመቸ ነው። ነጻው ክፍሉ የተገደበ ነው፤ ትናንሽ ሰርኪቶችን ለመሞከር ግን ያገለግላል።

ደረጃ 3፦ የገንዘቡን ነገር በግልጽ አስቡት

ፕሮቲየስና መልቲሲም የሚባሉትን ስም ብዙዎቻችን ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ጀምሮ እናውቃለን። ጥሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ዋጋቸው ግን ለድርጅትና ለትምህርት ተቋም የታሰበ ነው፤ በመቶዎች ዶላርና ከዚያ በላይ። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በየወሩ የሚከፈልባቸውም አሉ። ወር ሲያልቅ ካልከፈላችሁ የራሳችሁን ሥራ መክፈት ሊያቅታችሁ ይችላል። ለትርፍ ጊዜ ሥራ ይሄ አያዋጣም።

ከዚያ ክራክ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም፣ ይመጣል። ፍላሽ ለፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ፕሮቲየስ የማያውቅ የምህንድስና ተማሪ ጥቂት ነው። ምክሬ ግልጽ ነው፤ ተዉት። ክራክ ለመጫን የመጀመሪያው መመሪያ ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው። ማን እንደነካካው የማታውቁትን ፋይል፣ የባንክ አፕና የግል ፎቶ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በሙሉ ፈቃድ ማስገባት ማለት ነው። በዚያ ላይ የሠራችሁትን ለሥራ ቅጥር ወይም ለውድድር ስታቀርቡ ያሳፍራል። በነጻ እኩል ሥራ የሚሠራ ሳለ ይሄን ሁሉ አደጋ መሸከም አያስፈልግም።

«ነጻ ከሆነ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው» የሚለውን ሐሳብም እናንሳው። የሰርኪት ስሌት ሥር ስፓይስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሎረንስ ኔግል በፕሮፌሰር ዶናልድ ፔደርሰን ሥር ሆኖ ሠራው፤ በ1973 ለሕዝብ ቀረበ። ዩኒቨርሲቲው ኮዱን ለሌሎች ክፍት ስላደረገው በዓለም ተሰራጨ። ዛሬ በሺዎች ዶላር የሚሸጡትም ሆኑ በነጻ የሚታደሉት አብዛኞቹ የዚያው ስፓይስ ልጆች ናቸው። ሂሳቡ አንድ ነው። በዋጋ የሚለያዩት በአጠቃቀም ምቾት፣ ባላቸው የዕቃ ዝርዝርና በሚሰጡት ድጋፍ ነው።

አምራቾች በነጻ የሚሰጡበትም ምክንያት አለ። ቺፕ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ሲሙሌተር የሚሰጠው የራሱን ቺፕ እንድትጠቀሙ ነው። ለእኛ ጉዳት የለውም። የሌላ አምራች ዕቃ ሲያስፈልግ ሞዴሉን (የዕቃውን ባሕርይ ለሲሙሌተሩ የሚገልጸውን ጽሑፍ) ከውጭ ማምጣት እንደሚያስፈልግ ብቻ እወቁ።

ደረጃ 4፦ ለጥያቄያችሁ የሚሆነውን ምረጡ

*ለመረዳት፦ ፋልስታድ*

ጀማሪ ለሆነ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። የሠራው ፖል ፋልስታድ የሚባል ፕሮግራመር ሲሆን፣ በብራውዘር ይከፈታል። አካውንት አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ብትፈልጉት ወዲያው ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው።

ውበቱ ዓይን ላይ ነው። ሽቦዎቹ ውስጥ ቢጫ ነጠብጣቦች ይሄዳሉ፤ ከረንቱ ሲጨምር ይፈጥናሉ። ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ያለበት ሽቦ አረንጓዴ፣ ኔጋቲቭ ያለበት ቀይ ይሆናል። ማብሪያ ማጥፊያውን በማውዝ ስትነኩት ሰርኪቱ እዚያው ይለወጣል። ዝግጁ የሆኑ ብዙ ምሳሌዎችም አሉት። ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ሬክቲፋየር፣ 555 ታይመሩን፣ ኦፕአምፑን ከፍታችሁ ዋጋቸውን እየቀያየራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለልጆችም ሆነ ለአስተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ድክመቱም ይታወቅ። ዕቃዎቹ በአብዛኛው አጠቃላይ ናቸው። መርካቶ የገዛችሁት የዚያ ቁጥር ትራንዚስተር በትክክል እንዴት እንደሚሆን ከሱ አትጠብቁ።

*ለቁጥር፦ ኤልቲስፓይስ*

የአናሎግ ሥራ ከሆነ ወደዚህ ሂዱ። ማይክ ኤንግልሃርት ሊኒየር ቴክኖሎጂ ለተባለው ኩባንያ የጻፈው ነው። ኩባንያው በ2017 በአናሎግ ዲቫይስስ ስለተገዛ፣ አሁን የምታወርዱት ከአናሎግ ዲቫይስስ ድረ ገጽ ነው። ነጻ ነው፣ የሰርኪት መጠን ገደብ የለውም፣ ጊዜው አያልፍም። በዊንዶውስና በማክ ይሠራል። ሊነክስ የምትጠቀሙ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው ዋይን በኩል ታስኬዱታላችሁ።

መልኩ ደረቅ ነው። መጀመሪያ ስትከፍቱት ግራጫ ሰሌዳ እንጂ የሚያምር ሥዕል አታዩም። ታግሳችሁ ሁለትና ሦስት ሰርኪት ከሠራችሁበት በኋላ ግን ከእጅ አይወጣም። አር ስትጫኑ ሬዚስተር፣ ሲ ስትጫኑ ካፓሲተር፣ ዲ ዳዮድ፣ ጂ ግራውንድ ይመጣል። ሰርኪቱን ካስኬዳችሁ በኋላ ሽቦ ላይ ጠቅ ካደረጋችሁ የቮልቴጅ ግራፍ ይወጣል፤ ዕቃው ላይ ጠቅ ካደረጋችሁ የከረንት። አልት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ዕቃው ላይ ጠቅ ካደረጋችሁ ዕቃው የሚወስደውን ዋት ያሳያችኋል። ከዚያ ኮንትሮል ይዛችሁ የግራፉን ስም ብትነኩት አማካዩን አስልቶ ይሰጣል። ይቺን ብቻ ማወቅ ብዙ የተቃጠለ ዕቃ ታድናለች።

ጀማሪን የሚያስለቅሱ ሦስት ወጥመዶች አሉት፣ አሁኑኑ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ግራውንድ ካላደረጋችሁ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ኤም የሚለው ፊደል ትልቅም ተጻፈ ትንሽ ሚሊ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ኦም ከፈለጋችሁ «ሜግ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት መጻፍ አለባችሁ። ሦስተኛ፣ ካፓሲተር ላይ 1 ጽፋችሁ ኤፍ ብታስከትሉ አንድ ፋራድ አይሆንም፤ አንድ ፌምቶፋራድ ይሆናል፣ ማለትም የማይታይ ያህል ትንሽ። ለማይክሮ ዩ የሚለውን ፊደል ብቻ ጻፉ፣ ፋራድ የሚለውን ተዉት።

ይሄው ኤንግልሃርት በኋላ ለኮርቮ ኩባንያ ኪውስፓይስ የሚባል አዲስ ሲሙሌተር ጽፎ በ2023 በነጻ ወጥቷል። ፈጣን ነው፣ ዲጂታልና አናሎግ አብሮ ለማስኬድ ይመቻል። ለጀማሪ ግን ኤልቲስፓይስን አስቀድሙ። ምሳሌና ማብራሪያ የበዛው ለእሱ ነው፣ ስትቸገሩ መልስ በቀላሉ ታገኛላችሁ።

*ቦርድ ለማሠራት፦ ኪካድ*

ሰርኪቱን ሞክራችሁ ወደ ታተመ ቦርድ የመውሰድ ሐሳብ ካላችሁ ኪካድ ሁለቱንም ይይዛል። ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1992 የጀመረው ክፍት ሶፍትዌር ነው። ውስጡ ኤንጂስፓይስ የሚባል የስፓይስ ሞተር አለ። የሲሙሌሽን ገጹ እንደ ኤልቲስፓይስ ቀልጣፋ አይደለም። ነገር ግን ንድፉን ሁለት ጊዜ ከመሣል ያድናል። ቦርድ የማሠራት ሐሳብ ከሌላችሁ ለአሁኑ እለፉት።

*ለአርዱይኖና ለኮድ*

እዚህ ሦስት ምርጫ አለ። ገና ብረድቦርድ (ዕቃ ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ) ያልነካ ሰው ቲንከርካድ ይጀምር። የኦቶዴስክ ነው፣ ነጻ ነው፣ አካውንትና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ብረድቦርዱን እንደ እውነተኛው ያሳያል። ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ብታገናኙ የመፈንዳት ምልክት ያሳያችኋል። ይሄ ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። አርዱይኖ ኡኖና ማይክሮቢትን ይዟል፣ ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ32 ቦርድ ግን የለውም።

ኢኤስፒ32 ወይም ራስበሪ ፓይ ፒኮ የምትጠቀሙ ወደ ዎክዊ ሂዱ። በብራውዘር ይሠራል፣ ዋይፋይ ጭምር ያስመስላል። ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ኮዳችሁን ጨርሳችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። አስታውሱ፣ ዎክዊ የአናሎግ ሂሳብ አይሠራም። ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ብታገናኙ ዝም ብሎ ያበራል። ስለዚህ «ዎክዊ ላይ ሠርቷል» ማለት ኮዱ ሠርቷል ማለት ነው፣ ሽቦው ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ኢንተርኔት ለማይገኝበት ቦታ ሲሙልአይዲኢ አለ። ቀላል ነው፣ ኦፍላይን ይሠራል፣ አርዱይኖንና ፒክ የሚባሉትን ማይክሮኮንትሮለሮች ያስኬዳል። ኮዱን አርዱይኖ ፕሮግራሙ ላይ አዘጋጅታችሁ የወጣውን የሄክስ ፋይል ትጭኑበታላችሁ። ፕሮቲየስን ለዚህ ብቻ ሲፈልጉ ለነበሩ ሰዎች መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ደረጃ 5፦ መልሱን በምታውቁት ሰርኪት ፈትኑት

የመረጣችሁትን ፕሮግራም ወዲያው አትመኑት፣ ራሳችሁንም ጭምር። መጀመሪያ በወረቀት የተሰላ መልስ ያለው ትንሽ ሰርኪት ስጡት።

5 ቮልት ምንጭ፣ 1 ኪሎኦም ሬዚስተርና 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አገናኙ። ሬዚስተሩን በካፓሲተሩ ስታባዙት 0.1 ሰከንድ ይመጣል። በ0.1 ሰከንድ ካፓሲተሩ የመጨረሻ ቮልቴጁን 63 በመቶ ይይዛል፤ ማለትም 3.16 ቮልት። በ0.5 ሰከንድ ደግሞ 4.97 ቮልት ይደርሳል። ግራፉ ላይ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ካገኛችሁ ፕሮግራሙም ገብቷችኋል፣ አገናኛችሁም ትክክል ነው።

ኤልቲስፓይስ ላይ ይሄንኑ ስትሠሩ ግራፉ ከመጀመሪያው 5 ቮልት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሊሆንባችሁ ይችላል። አልተበላሸም። ፕሮግራሙ ሲጀምር «ይህ ሰርኪት ከተረጋጋ በኋላ ምን ይመስላል?» ብሎ ስለሚያሰላ ካፓሲተሩ ቀድሞ ሞልቶ ይገኛል። የትራንዚየንት (በጊዜ የሚለወጠውን የሚያሰላው) ማስተካከያ ውስጥ የዲሲ ምንጮችን ከዜሮ ቮልት አስነሳ የሚለውን ምልክት አድርጉበትና እንደገና አስኬዱ። ፋልስታድ ላይ ይሄ ችግር አይገጥማችሁም፣ ካፓሲተሩ ከባዶ ተነስቶ ሲሞላ ታያላችሁ።

ደረጃ 6፦ አሁን እውነተኛ ሥራ ስጡት

ሁላችንም አንድ ቀን የምንሠራውን እንውሰድ፤ ከ12 ቮልት ትራንስፎርመር 5 ቮልት የሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ። አራት ዳዮድ፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ 5 ቮልት አረጋግቶ የሚያወጣው 7805 ቺፕ። የምንፈልገው ከረንት ግማሽ አምፒር ነው።

ትራንስፎርመሩን ለመሥራት አትጨነቁ። በቦታው የሳይን ምንጭ አስገቡ። ብዙ ሰው እዚህ 12 ብሎ ይጽፋል። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት የአርኤምኤስ (የኤሲው ውጤታማ) ዋጋ ነው፣ ሲሙሌተሩ የሚጠይቀው ግን የማዕበሉን ጫፍ ነው። 12ን በ1.414 ስታባዙ 17 ይመጣል። ስለዚህ 17 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ጻፉ። አሜሪካ ወይም ሳዑዲ ያላችሁ 60 ኸርዝ አድርጉት።

7805 በእጃችሁ ባለው ሲሙሌተር ውስጥ ላይኖር ይችላል። በቦታው ግማሽ አምፒር የሚስብ የከረንት ምንጭ ካፓሲተሩ ላይ አድርጉ። የምንፈልገውን ለማወቅ ይበቃል። ግራውንዱን ካፓሲተሩ ኔጋቲቭ እግር ላይ አድርጉት፣ የሳይን ምንጩ እግር ላይ አይሁን። አለበለዚያ አንዱ ዳዮድ ሾርት ይሆናል።

ከማስኬዳችሁ በፊት በእጅ ገምቱ። 17 ቮልት ሲቀነስ የሁለት ዳዮድ 1.6 ቮልት ገደማ፣ ጫፉ 15.4 ይሆናል። ካፓሲተሩ በ50 ኸርዝ በየ10 ሚሊሰከንዱ ይሞላል። በዚህ መሃል 0.5 አምፒር ሲሳብበት ቢበዛ 5 ቮልት ይወርዳል። አሁን 200 ሚሊሰከንድ አስኬዱ። መውረዱ ከ5 ትንሽ አንሶ ወደ 4 ቮልት ገደማ ሲሆን ታያላችሁ፤ ምክንያቱም ካፓሲተሩ ሙሉውን 10 ሚሊሰከንድ ሳይጠብቅ መሞላት ይጀምራል። 7805 በትክክል ለመሥራት መግቢያው ላይ 7 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። እኛ ከ11 በታች አልወረድንም። ይበቃል።

ካፓሲተሩን 220 ማይክሮፋራድ አድርጋችሁ ድገሙት። በየዙሩ ከ7 ቮልት በታች ሲዘቅጥ ታያላችሁ። ሬዲዮ ላይ የሚሰማው ያ የማያቋርጥ «ዝዝዝ» ከዚህ ይመጣል።

አሁን ሲሙሌሽኑን ወደ ቤታችሁ አቅርቡት። እውነተኛ ትራንስፎርመር የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ምንጩ ላይ በተከታታይ 1 ኦም ጨምሩ። ጫፉ ሁለት ቮልት ገደማ ይወርዳል፣ መጀመሪያ ላይ ይታይ የነበረው አስፈሪ የከረንት ድንገተኛ ጫፍም ይቀንሳል። ቀጥሎ የቤታችሁ መብራት ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲዳከም ምን እንደሚሆን እዩ። የትራንስፎርመሩ መውጫም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ 17 የነበረው ጫፍ ወደ 13.9 ይሆናል። ይሄን አስገብታችሁ ስታስኬዱ ዝቅተኛው ነጥብ ወደ 7 ቮልት ተጠግቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር 1000 ጠርዝ ላይ ነው፣ 2200 መግዛት ይሻላል። በደረጃ 1 የጻፋችሁት ጥያቄ ተመለሰ።

በመጨረሻ ሙቀቱን አስሉ። ካፓሲተሩ ላይ ያለው አማካይ ቮልቴጅ 13 አካባቢ ከሆነ፣ 7805 ላይ 8 ቮልት ይቀራል። 8 ሲባዛ በ0.5፣ 4 ዋት ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ላይ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ብረት ለእያንዳንዱ ዋት ከ50 እስከ 65 ዲግሪ እንደሚሞቅ ተጽፏል። 4 ዋት ማለት ከ200 ዲግሪ በላይ ጭማሪ ነው። ቺፑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ማቀዝቀዣ ግዴታ ነው። ይሄን ሲሙሌተሩ በራሱ አይነግራችሁም፤ ዋቱን ይሰጣችኋል፣ ማባዛቱ የእናንተ ነው።

ደረጃ 7፦ የማያሳያችሁን እወቁ

አብዛኞቹ ሲሙሌተሮች ዕቃ አያቃጥሉም። 16 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ላይ 25 ቮልት ብትሰጡ በዝምታ ያልፉታል። ብረድቦርዱ ላይ የላላ ሽቦ፣ የቀዘቀዘ ብየዳ፣ ከገበያ የተገዛ አስመሳይ ቺፕ ግራፉ ላይ አይወጡም። ዳዮዱ ላይ የምትመርጡት ሞዴልም ወሳኝ ነው። ስሙ ያልተጠቀሰ ዳዮድ ካስቀመጣችሁ ፕሮግራሙ የራሱን ምናባዊ ዳዮድ ይጠቀማል። 1ኤን4007 ከፈለጋችሁና ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ከዳዮድ አምራቾች ድረ ገጽ የስፓይስ ሞዴሉን አውርዳችሁ ጽሑፉን ሰሌዳው ላይ ለጥፉት። ሞዴሉ ራሱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሲሙሌተር ላይ 220 ቮልት አይነዝርም። ጠረጴዛ ላይ ግን ይገድላል። ጀማሪ ከሆናችሁ ትራንስፎርመሩን ራሳችሁ ከግድግዳ ጋር ከማገናኘት ይልቅ፣ የተዘጋ ዝግጁ አዳፕተር ገዝታችሁ ከመውጫው ጀምሩ። ከፕለጉ በኩል ያለውን ሥራ ሙያው ካለው ሰው ጋር ሆናችሁ ሥሩት።

ከዚያ ሠርታችሁ በቴስተር ለኩ። ሲሙሌተሩ 13.2 ብሎ ቴስተሩ 12.8 ቢያሳይ ደህና ነው። ሲሙሌተሩ 13.2 ብሎ ቴስተሩ 6 ካሳየ ግን ፕሮግራም ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን ፈትሹ። ምናልባት አንድ ዳዮድ ተገልብጧል።

ደረጃ 8፦ ሥራችሁን አስቀምጡ

ፋልስታድ ሰርኪቱን እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ረጅም ሊንክ ያወጣል። ሊንኩን በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። የኤልቲስፓይስ ፋይል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሴቭ ማድረግን ልማድ አድርጉ። የግራፍ ውጤት ፋይሉ ግን ሊተልቅ ይችላል፤ እንደገና በማስኬድ ስለሚገኝ እሱን ማጥፋት ትችላላችሁ። ቲንከርካድና ዎክዊ ላይ የሠራችሁት እነሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኮዱን ወደ ኮምፒውተራችሁ ኮፒ አድርጉ።

ፕሮግራም ስትመርጡ ኩባንያው ነገ ቢዘጋስ ብላችሁም ጠይቁ። ማይክሮካፕ የሚባል በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ሲሙሌተር ነበር። አምራቹ ስፔክትረም ሶፍትዌር በ2019 ሥራውን ሲያቆም ፕሮግራሙን ለሁሉም ነጻ አደረገው። እስከዛሬ ዊንዶውስ ላይ የሚጠቀሙበት አሉ፣ አዲስ ማሻሻያ ግን አይመጣለትም። ሁሉም ኩባንያ እንዲህ ደግ ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔትና ያለ አካውንት የሚከፈት ፕሮግራም፣ ፋይሉም በጽሑፍ መልክ የሚነበብ ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላም ሥራችሁን ታገኙታላችሁ።

ከየት ልጀምር ካላችሁኝ ይሄን አድርጉ፤ ዛሬ ማታ ፋልስታድን ከፍታችሁ የሬክቲፋየሩን ምሳሌ ነካኩ። ጥሩ ዋይፋይ ስታገኙ ኤልቲስፓይስን አውርዱና የካፓሲተሩን ፈተና ሥሩ። 3.16 ቮልትን ግራፉ ላይ ስታገኙት ወደ ፓወር ሰፕላዩ እለፉ።